ጆርጅ ጆንስ በ1980 የዘፈነው የመለያየት ዘፈን እስከ ዛሬ ሰው የሚይዘው ምን ስላለው ነው?

የሌሊት ሹፌር (ቴነሲ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ የካንትሪ ዘፈን ነው፤ ጆርጅ ጆንስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ያወጣው «ሂ ስቶፕድ ላቪንግ ኸር ቱደይ»። በእኛ አነጋገር «ዛሬ እሷን መውደዱን ተወ» እንደ ማለት ነው።

ሥራዬ በኢንተርስቴት 40 ላይ፣ በሜምፊስና በኖክስቪል መካከል የጭነት መኪና መንዳት ነው። ሌሊቱን የምገፋው በሬዲዮ ነው። የካንትሪ ጣቢያዎች አዳዲሱን ሲያሰሙ ያመሻሉ፤ አድማጭ ይምረጥ የተባለ ጊዜ ግን ዞሮ ዞሮ አንዱ ደውሎ ይህን ዘፈን ይጠይቃል።

በቅርቡ ሜምፊስ አንድ መጋዘን ላይ ጭነት እስኪራገፍ ተሰልፈን ነበር። ከፊቴ የነበረው ሹፌር የአላባማ ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ ሰባ ሳይጠጋ አይቀርም። የመጋዘኑ ሠራተኛ የርክክብ ወረቀት ይዞ መጥቶ ፈርምልኝ ሲለው ሰውዬው መዳፉን አንሥቶ «ቆየኝ» አለው። ሬዲዮው ይህን ዘፈን ይዞ ነበር። ሠራተኛው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከመኪናው በር ሥር ቆመና አብሮ ይሰማ ጀመር። ሲያልቅ ሽማግሌው ፈረመ፤ ልጁ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ምንም ሳይነጋገሩ ወደየሥራቸው ሄዱ። ይህ ልጅ ሊወለድ ሃያ ምናምን ዓመት ሲቀረው የወጣ ዘፈን እንዴት አድርጎ እኩል ያዛቸው?

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው አንዲትን ሴት እስክሞት እወድሻለሁ ይላታል። ጊዜ ያስረሳሃል ብላው ትሄዳለች። እሱ ግን ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ደብዳቤዎቿን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጦ ይኖራል። ዛሬ መውደዱን ተወ። የተወው ስለሞተ ነው። ለቀብሩ መጣች። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ከሩብ ገደማ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

የመለያየት ዘፈን በየአገሩ ሞልቷል፤ በካንትሪ ደግሞ ከዚያ ሌላ ርዕስ ያለ እስከማይመስል ድረስ ሞልቷል። ስለ ዝናው አይደለም የምጠይቀው፤ ስንት ሽልማት እንዳገኘ ማንም ያውቃል። ውስጡ ምን አለ? ባለቤቴ «ይህ እኮ ሙሾ ነው» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። እኔ ሙሾ ብቻ አይመስለኝም። ሙዚቃ የምታውቁ፣ ግጥም የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።


የስቱዲዮ ሰው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ እኔ የምተዳደረው ድምፅ በመቅዳትና በማቀናበር ነው፤ ይህን ዘፈን ለሥራም ለራሴም ብዬ ብዙ ጊዜ ፈታትቼ አይቼዋለሁ። መልሴ አንድ ነው፦ ይህ ዘፈን የሚቆየው ስለሚቆጥብ ነው። ሞቱን ከአድማጩ ያቆያል፤ ሴትዮዋን ያቆያል፤ ዘፋኙም ድምፁን ያቆያል።

ከታሪኩ አወራረድ ልጀምር። መጀመሪያ የምንሰማው የሰውዬውን ቃል ነው። እስክሞት እወድሻለሁ ሲል ማንም አይደነግጥም፤ የወደደ ሁሉ የሚለው ነው። ቀጥሎ የእሷ መልስ ይመጣል፤ ከዚያ ፎቶው፣ ከዚያ ደብዳቤዎቹ። ከዚያ በኋላ ተራኪው፣ ማለትም ጓደኛው፣ ዛሬ ሄጄ አየሁት ይለናል። እንባ የለም። አምሮበት ለብሷል፤ መንገድ ሊሄድ የተዘጋጀ ይመስላል። ከስንት ዓመት በኋላ ፈገግ ብሎ አየሁት ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይላል። ተመስገን፣ ወጣለት፣ ሌላ ሕይወት ሊጀምር ነው ብሎ ያስባል። አዝማቹ የሚመጣው ይህን እፎይታ ካገኘህ በኋላ ነው። በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል፤ ተሸክመው ሊወስዱት ነው። አምሮበት የለበሰው ለቀብር ነው፤ ፈገግ ያለውም በሬሳ ሳጥን ውስጥ ነው። አርእስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሰማው እዚህ ነው፤ ዘፈኑ ከተጀመረ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፎ።

ሁለተኛ ስትሰማው ግን ሌላ ዘፈን ሆኖ ታገኘዋለህ። አሁን ሞቱን አንተ ታውቃለህ። ጓደኛው ገና «እንባ የለም» ሲል ሆድህ መባባት ይጀምራል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ «ዳነ» ነው፣ ወርቁ «ሞተ» ነው። ብዙ ዘፈን ምሥጢሩ አንዴ ከታወቀ ያበቃለታል። ይህኛው ምሥጢሩ ከታወቀ በኋላ ነው የሚከብደው። ያ የመጋዘን ልጅ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማው አላውቅም፤ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ግን ገና በመግቢያው ቆሞ የሚጠብቅ አይመስለኝም።

ይህ አወራረድ በአንድ ቁጭታ የመጣ አይደለም። ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን ናቸው። ፕሮዲውሰሩ ቢሊ ሼሪል አስተካክሉት እያለ ደጋግሞ መልሶላቸዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ሰውዬው ቶሎ ይሞት ነበር። ሼሪል ሞቱ ወደ ኋላ እንዲገፋ አደረገ፤ ሴትዮዋ ለቀብሩ የምትመጣበት ክፍል እንዲጨመርም ጠየቀ። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ባይኖሩ ይህን ዘፈን ዛሬ ማንም ባላነሣው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ደብዳቤዎቹ ሳልናገር አላልፍም። ግጥሙ «የድሮ ደብዳቤዎች» አይልም። ዓመት ይጠራል፤ 1962። ዘፈኑ የወጣው በ1980 ስለሆነ የዚያን ጊዜ አድማጭ ሒሳቡን ለራሱ ያወጣል፤ አሥራ ስምንት ዓመት። «ለረጅም ዘመን ጠበቃት» ቢል ማንም ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር። ደግሞ በደብዳቤዎቹ ውስጥ እወድሃለሁ የሚለውን ቃል አንድም ሳይቀር በቀይ አስምሮበታል። ደብዳቤ አንብቦ የሚያለቅስ ሰውና እስክሪብቶ ይዞ ደብዳቤ ላይ የሚቀመጥ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ማስረጃ እየሰበሰበ ነው። ወዳኝ እንደነበር በእጇ ጽፋለች፣ ይኸው፣ ይኸው እያለ ነው። ግጥሙ ግን ይህን ሁሉ አይነግርህም። ቀዩን ቀለም ብቻ አሳይቶህ ያልፋል።

አሁን ወደ ድምፁ። ጆንስ ድምፁን መጫወቻ ማድረግ የሚችል ዘፋኝ ነበር፤ አንዱን ፊደል ወደ ላይ ወደ ታች አጥፎ፣ ጥርሱን ገጠም አድርጎ፣ ቃሉን ከጉሮሮው እየጎተተ ያወጣዋል። እዚህ ዘፈን ላይ ግን በመግቢያው ወሬ የሚያወራ ነው የሚመስለው። አያለቅስም፤ አልቅሱም አይልም። መሣሪያዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ስቲል ጊታሩና የቻርሊ ማኮይ ሐርሞኒካ ገባ ወጣ ይላሉ እንጂ አይጫኑትም። አዝማቹ ላይ ቫዮሊኖቹ ወደ ላይ ሲወጡ ድምፁም አብሮ ይከፈታል። እስከዚያ ድረስ ስለቆጠበው ነው ያ መውጣት ደረት የሚመታው።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ትመጣለች። ሴትዮዋ ስትመጣ ጆንስ መዝፈኑን ያቆማል፤ በንግግር ነው የሚለው። በካንትሪ በንግግር ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ሃንክ ዊሊያምስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ «ሉክ ዘ ድሪፍተር» በሚል ሌላ ስም በንግግር ብቻ የሚባሉ ሥራዎችን ያስቀዳ ነበር። እዚህ ግን ልማዱ ቦታውን አግኝቷል። ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው መጣች፤ ትመጣ ይሆን ብለን ሁላችንም ስናስብ ነበር ይላል ጓደኛው። ይህ ቢዘፈን ይበላሽ ነበር። ከኋላ ቃል የሌለው የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ሚሊ ኪርካም ናት።

ይህችን አጭር ንግግር ለመቅዳት የተከፈለው መከራ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ጆንስ በመጠጥና በኮኬይን ተጎድቶ፣ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። ሲዘፍን ቃሉ ጥርት ይላል፤ ሲናገር ግን ምላሱ ይተሳሰር ነበር። ሼሪል እንደተናገረው ከመጀመሪያው የዘፈኑ ክፍል እስከ ንግግሩ ድረስ አሥራ ስምንት ወር ወስዷል። በዚህ ላይ ጆንስ ዜማውን እየሳተ በሌላ ዘፈን፣ በክሪስ ክሪስቶፈርሰን «ኸልፕ ሚ ሜክ ኢት ስሩ ዘ ናይት» ዜማ ይዘፍነው ነበር። ዘፈኑንም አላመነበትም፤ እንዲህ ያለ የሞት ነገር ማንም አይገዛም ብሎ ነበር። በ1980 ጁላይ ላይ የካንትሪ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር በ1980ም በ1981ም የዓመቱ ዘፈን ብሎ ሸልሞታል። ይኸው ነው።


ነርስ ነኝ (ዳላስ)

ጤና ይስጥልኝ። የሁለታችሁንም ጽሑፍ በደንብ አንብቤዋለሁ። ዘፈኑን ስታመሰግኑት ግን አንድ ሰው ቀርቷል፤ ሴትዮዋ።

«ጊዜ ያስረሳሃል» ማለት ክፋት አይደለም። ለማይወዱት ሰው ሊነገር ከሚችለው ሁሉ ደጉ ቃል እሱ ነው። አላታለለችውም፤ ተስፋም አልሰጠችውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳልጠይቀው ቢጠብቀኝ፣ ሲሞት ደግሞ ቀባሪው ሁሉ ትመጣ ይሆን እያለ መንገዱን ቢያይ፣ እኔ ስለ እኔ ምንም ባይዘፈን እመርጥ ነበር። ሰው እንዲህ ወደደ ተብሎ መጠበቁ እንደ ጽድቅ ሲቆጠር ያመኛል፤ ወጣት ወንዶች ይህን ሰምተው እምቢ የተባሉበትን ደጅ መጥናት ፍቅር ነው ብለው እንዳይይዙት እሰጋለሁ።

ቫዮሊኑም ይበዛብኛል። አንጀት ይብላ ተብሎ የታሰበ ነገር ሲታወቅብኝ አንጀቴ ይጠነክራል። ስለ ፍቅር ስብራት የካንትሪ ዘፈን አምጪ ብትሉኝ የፓትሲ ክላይንን «ክሬዚ» ነው የማመጣው። የደረሰው ዊሊ ኔልሰን ነው። ክላይን በ1961 ጁን ላይ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶባት ከሆስፒታል ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ናሽቪል ስቱዲዮ ገባች፤ የጎድን አጥንቷ ስለተጎዳ ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት አቃታት፤ ሳምንታት ቆይታ ተመልሳ ነው ድምፅዋን የቀዳችው። እዚያ ዘፈን ላይ የምትዘፍነው የተጎዳችው ራሷ ናት። ሞኝነቷን ታውቃለች፤ እያወቀች ትናገራለች። ማንንም ሬሳ ላይ ቆማችሁ ፍረዱ አትልም።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ያየሁትን ነገር ልጨምር፤ ምናልባት ለጠያቂው ይጠቅማል። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት አሉ፤ የልጃቸውን ስም ከመጥራት ካቆሙ ቆይተዋል። የድሮ ዘፈን ስንከፍትላቸው ብዙዎቹን ያጎራጉራሉ፤ ይህም በሕሙማኑ ዘንድ የተለመደ ነው። በዚህ ዘፈን ላይ ግን አዝማቹን አይዘፍኑትም። ዝም ብለው ይቆዩና የስቱዲዮው ወንድም ያነሣው የንግግር ክፍል ሲደርስ ቀና ብለው ከጆንስ ጋር እኩል ይናገሩታል፤ አንድ ቃል አይስቱም፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ እንኳ ያውቁታል። ሲጨርሱ እጃቸውን እጥፍ አድርገው ይቀመጣሉ። ቫዮሊኑን ባልወደውም ያንን ንግግር ማን እንዲህ አድርጎ በሰው ውስጥ እንደተከለው ሁልጊዜ ይገርመኛል።


የሌሊት ሹፌር (ቴነሲ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ስለ ሴትዮዋ ያልሽው ልክ ነው። ልጨምርበት የምፈልገው ግን ዘፈኑ ራሱ እንደማይፈርድባት ነው። ጨካኝ ናት አይልም፤ ከዳችው አይልም። መጣች ይላል፤ እኛም ትመጣ ይሆን ስንል ነበር ይላል። የሚፈርድባት ካለ አድማጩ ነው።

«ሁላችንም» የሚለው ነገር ነው አሁን ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ። ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ ዓይኑ እያዘነ በሌላው ዓይኑ ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያለ ይቆጥራል። የተጣላ ዘመድ ከቀብር ቀርቶ ከሆነ ዓመት ይወራበታል። የተፋታ ባል ወይም የተፋታች ሚስት ብቅ ያለ እንደሆነ ደግሞ ድንኳኑ ጸጥ ይላል፤ ቦታ ይለቀቅላቸዋል፤ ዓይን ሁሉ እዚያ ነው። ጆንስ ሲናገረው የምሰማው ያንን ጸጥታ ነው። ተራኪው የሟች ጓደኛ ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ እንግዳ የሚቀበለው ሰው እሱ ነበር። ዘፈኑ በአፍቃሪው አፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ማየት አይቻልም፤ ሟች ማን ለቅሶ እንደመጣ አያይም።

ባለቤቴ ሙሾ ያለችው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሙሾ አውራጅ ሟቹን ታነሣሣዋለች፤ ጀግንነቱን፣ ደግነቱን፣ ቁመናውን እየጠራች ሰው ታስለቅሳለች። ይህኛው አንድም ውዳሴ የለውም። ሰውዬው ምን ሠርቶ እንደሚያድር እንኳ አናውቅም። ስሙም አልተጠራም። አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ይህን ዘፈን በብዙ ዓይነት ቅጂ አየዋለሁ፤ የመድረክም አለ፣ ሌሎች ሰዎች የዘፈኑትም አለ። ለብቻዬ ተቀምጬ በደንብ ልስማው ብል የትኛውን ልያዝ?


የአራት ኪሎ ልጅ (ቶሮንቶ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የልጅነቴን ቤት አስታወሰኝ። ታላቅ ወንድሜ የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን ካሴቶች ነበሩት፤ ከእነሱ ጎን ደግሞ የትዝታ ካሴቶች ይደረደሩ ነበር። እንግሊዝኛው ሳይገባን ካንትሪውን እንወደው ነበር፤ ቀስ ያለ ነው፣ ታሪክ ይመስላል፣ የተከፋ ሰው ድምፅ ይሰማበታል። ብዙ ሰው ካንትሪ ማለት የፈረንጅ ትዝታ ነው ሲል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ይህ ዘፈን ደግሞ ልዩነቱን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ይመስለኛል።

በትዝታ የሚዘፍነው የናፈቀው ራሱ ነው። ትዝታውን እንደ ሰው ያነጋግረዋል፤ ና ይለዋል፣ ሂድ ይለዋል፣ አንተ ራስህ ትዝታ ነህ ይለዋል። መጨረሻ የለውም። ዘፋኙ ከኖረው የስንኝ ክምችት እየመረጠ ሲያሻው ሁለት ቤት ይጨምራል፣ ሲያሻው ይቀንሳል፤ አድማጩ የራሱን ሰው ያስገባበታል። ያ ነው ጉልበቱ። ሌሊቱን ሙሉ ሊዘፈን ይችላል፤ ናፍቆቱ አይጨርስም፤ እንዲጨርስም አንፈልግም።

የጆንስ ዘፈን ተቃራኒው ነው። በር ተዘግቷል። ሰውዬው ስም ባይኖረውም ዓመት አለው፣ ደብዳቤ አለው፣ ቀብር አለው። አንድ ስንኝ ብታክልበት ይፈርሳል። ትዝታ ውስጥ የናፈቀ ሰው ነገም ይናፍቃል፤ እዚህ ግን ናፍቆቱ ያቆመበትን ቀን ነው የምናየው፤ ያውም ዛሬ ነው። «ዛሬ» የሚለው ቃል ባይኖር ይህ ዘፈን እንዲህ ባልሆነ ነበር። ለስንት ጊዜ ብንሰማው ቀኑ ሁልጊዜ ዛሬ ነው፤ ተራኪው ገና ከሬሳው ዘንድ መመለሱ ነው፤ ጉንጉኑ ገና አልጠወለገም። ከአርባ ዓመት በላይ ሳያረጅ የቆየበትን ምክንያት አንዱን ንገረኝ ቢሉኝ የምጠራው ይህን ነው።

ሌላው ሰው የሚያነሣው ምክንያት የጆንስ ሕይወት ነው። ከታሚ ዋይኔት ጋር በ1969 ተጋቡ፤ አብረው ይዘፍኑ ነበር፤ በ1975 ተፋቱ። አድማጩ ሁሉ ዘፈኑን ስለ እሷ ነው ብሎ ሰማው። ይህ ለዘፈኑ ጉልበት እንደጨመረለት አይካድም፤ ግን መሠረቱ እሱ ነው ማለት ደራሲዎቹን መበደል ይመስለኛል። ብራዶክና ፑትማን የጻፉት ስለ ጆንስ አልነበረም፤ ከእሱ በፊት ጆኒ ራስል የተባለ ዘፋኝ ቀድቶት ሳይወጣ ቀርቷል። ዛሬ የሚሰማው የሃያ ዓመት ልጅ ደግሞ ታሚ ዋይኔት ማን እንደሆነች ላያውቅ ይችላል፤ ዘፈኑ ግን ይይዘዋል።

ጆንስ ራሱ በ1996 ባሳተመው ግለ ታሪኩ የአርባ ዓመት ሥራውን የሦስት ደቂቃ ዘፈን እንዳዳነለት ጽፏል። አልጠፋውም። ከዚህ ዘፈን በፊት ለስድስት ዓመት ያህል ለብቻው የዘፈነው ሥራ አንደኛ ወጥቶለት አያውቅም ነበር፤ መድረክ ላይ ባለመገኘቱም ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። በኤፕሪል 26 ቀን 2013 በ81 ዓመቱ ሞተ። ሽኝቱ ሜይ 2 ቀን ናሽቪል በግራንድ ኦል ኦፕሪ አዳራሽ ሲደረግ መጨረሻ ላይ አለን ጃክሰን ተነሥቶ ይህንኑ ዘፈን ዘፈነ። ሲጨርስ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። አዳራሹ የዘፋኞችና የሙዚቀኞች ነው፤ ሁሉም ዘፈኑን በቃላቸው ያውቁታል፤ ሆኖም አርእስቱ ላይ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ነበር የሚመስለው። በዚያ ቀን ተራኪው ጃክሰን ነበር፤ አምሮበት የለበሰው ደግሞ ጆንስ።


የስቱዲዮ ሰው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

«ዛሬ» ላይ ያልከውን እኔ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም፤ በጣም አመሰግናለሁ።

የዳላሷ እህቴ ስለ ቫዮሊኑ ያሉት የብዙ ሰው ቅሬታ ነው፤ ግን ሼሪል ማን እንደነበረ ማወቅ ይረዳል። የእሱ እጅ ያረፈበት ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከታሚ ዋይኔት ጋር በ1968 የደረሰው «ስታንድ ባይ ዩር ማን»ም፣ ቻርሊ ሪች በ1973 የዘፈነው «ቢሃይንድ ክሎዝድ ዶርስ»ም ሙሉ፣ ለስላሳ ድምፅ አላቸው። የገጠሩን ካንትሪ ለከተማ ጆሮ የማቅረብ መንገድ ነበር፤ ያንን ያልወደደ ሰው እውነቱን ነው። እኔ ግን በዚህ ዘፈን ላይ ቫዮሊኑ ዘፋኙ የማያደርገውን የሚያደርግ ሆኖ ይሰማኛል። ተራኪው አያለቅስም፤ ማልቀሱን ለቫዮሊኑ ትቶለታል። ሁለቱም ቢያለቅሱ እኔም ባልታገስኩት። እኚያ እናት በንግግሩ ላይ ብቻ መናገራቸውን ስለጻፉልን ደግሞ አክብሮቴ ይድረስዎ፤ ስለዚህ ዘፈን ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ለጥያቄህ መልሱ የ1980ው የመጀመሪያ ቅጂ ነው፤ «አይ አም ዋት አይ አም» በተባለው አልበም ላይ ታገኘዋለህ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2008 በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ያስገባውም እሱኑ ነው። የመድረኮቹ ቅጂዎች ደስ ይላሉ፤ ሕዝቡ አብሮ ሲዘፍን መስማት ራሱ አንድ ነገር ነው። ግን አጨብጫቢ ባለበት ቦታ ያ የንግግር ክፍል አየር ያጣል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ የጆንስ ድምፅ እየወረደ ሄዷል።

እየነዳህ አትስማው። ከኋላ ያለችውን የሚሊ ኪርካምን ድምፅ የሞተሩ ጩኸት ይውጥብሃል። ማረፊያ ቦታ ስትቆም በጆሮ ማዳመጫ አድርገው፤ ንግግሩ ሲጀምር ከጆንስ ላይ ጆሮህን አንሣና እሷን ብቻ ተከተል። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1957 ባወጣው «ብሉ ክሪስማስ» ላይ ከኋላ የምትሰማው ያች ከፍ ያለች የሴት ድምፅ እሷው ናት፤ እሱን የምታውቀው ከሆነ ወዲያው ትለያታለህ።

ይህንን ከወደድከው ቀጥሎ የ1974ቱን «ዘ ግራንድ ቱር» ፈልግ። እሱም የጆንስ ነው፤ ፕሮዲውሰሩም ሼሪል ነው። አንድ ሰው እንግዳ ተቀብሎ ባዶ ቤቱን ክፍል በክፍል እያዞረ ያሳያል፤ ወንበሩ ይኸው፣ አልጋው ይኸው ይላል፤ ማን ማን እንደሄደ ሙሉ በሙሉ የምታውቀው የሕፃኑ ክፍል ስትደርስ ነው። አንዳንድ ሰው ከዚህኛው ይበልጣል ይላል፤ እኔ በዚህ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ሰምተኸው እዚሁ ጻፍልኝ፤ የቱ እንደበለጠብህ ማወቅ እፈልጋለሁ።